የሀጀራ እቁብ አይጎድልም

ሀጀራ ነገሩን የሰማችው የፉሉን ሳህን በአንድ እጇ፣ የዳቦውን በሌላው ይዛ የሳሎኑን መጋረጃ በክርኗ ልትገልጥ ስትል ነው። ዕለቱ ጁምዓ ነበር፤ ኻርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ያሉ ቤቶች ሁሉ ዘግይተው የሚነሡበት፣ ቁርስ ረፋዱ ላይ የሚቀርብበት ቀን። በሠራተኝነት የተቀጠረችበት ቤት ልጅ ኦመር አልጋው ላይ ተጋድሞ ለጓደኛው በስልክ ያወራል። «ባይሞላ ኖሮ እኮ የሁሉም ገንዘብ በየመጣበት ይመለስ ነበር» አለ በአረብኛ። «የመጨረሻው ቀን የገባው ነው ጉድ የሠራን። የሠራተኞቹ ብር።» ቀጠለና ደግሞ፣ ግድ የለም፣ የኔ ድርሻ ትንሽ ናት፣ ትምህርት ነው አለ። ትምህርት! አምስት ዓመት ምህንድስና የተማረ ሰው ሌላ ትምህርት ሲያምረው በድሃ ብር መሆኑ ነው እንግዲህ። ሀጀራ መጋረጃው ጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ፉሉ እንዳይቀዘቅዝ ብላ ገባች።

ሳህኖቹን አስቀመጠች፣ ዘይቱን ጨመረች፣ ነጩን አይብና የተከተፈውን ሽንኩርት አስጠጋች። ኦመር ስልኩን ዘግቶ ተነሥቶ ተቀመጠ። እናቱ ሀጃ ሱዓድ አንዷን ዳቦ አንስታ አገላብጣ አየችና ይቺን ለማግኘት ነው ወይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተሰለፍሽው አለቻት። አዎ፣ ሱብሂ ሰግዳ ነው የወጣችው፤ ዳቦዋም ዋጋዋ ያው አንድ ጂኔ ሆኖ ከወር ወር እየቀጠነች ሄዳ አሁን ሁለት ጉርሻ አትሞላም። መንግሥት ሲወርድ ዳቦ ይወፍራል ተብሎ አምና ይሄ ቤት እንዳለ ጎዳና ወጥቶ ነበር፤ ኦመርማ ለተቃውሞ ከወር በላይ ከወታደሮቹ ዋና መምሪያ አጥር ሥር ድንኳን ውስጥ ነው ያደረው። ምሳውን ቋጥራ የምታመላልስለት ሀጀራ ነበረች። እና ዛሬ ያንን ምሳ አስባ መሆን አለበት፣ ጨዋታ ሳታበዛ ጠየቀችው። «ባሽመሃንዲስ፣ ምኑ ነው ባይሞላ የሚመለሰው?» ኢንጂነር ሁሉ በዚህ አገር እንዲህ ነው የሚጠራው። ኦመር መጀመሪያ እናቱን አየ፣ ቀጥሎ ዳቦውን አየ፣ እሷን ግን አላየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሀጀራ ታናሽ ወንድም አብዱልወሃብ ኦምዱርማን ገበያ ዳር ሞባይል ይጠግናል። ኮምቦልቻ ቴክኒክ ተምሮ ለመጨረስ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው ድንበር የተሻገረው። ከሁለት ዓመት በፊት ሀጀራ አንድ ነገር አማረረችበት፤ አርካዊት ውሃ የሚመጣው ሰው ሲተኛ ነው፣ እሷ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ አድርጋ አድራ የውሃ መሳቢያ ሙቶሩን ካላበራች ቤቱ ጦሙን ይውላል፣ በሰዓቱ ካላጠፋችው ደግሞ ሙቶሩ ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ሙቶር ከማን ደሞዝ እንደሚቆረጥ ይታወቃል። አብዱልወሃብ ይሄን ሰምቶ ከረመና መዳፍ የማትሞላ አረንጓዴ ቦርድ ሠርቶ መጣ። ትንሽ ናት እንጂ ሙሉ ኮምፒውተር ናት፤ ሲም ካርድ ትጎርሳለች፣ በኢንተርኔት ትነጋገራለች፣ ሙቶር ላይ ብትገጥማት ሙቶሩን፣ ፍሪጅ ላይ ብትገጥማት ፍሪጁን ከባለቤቱ ስልክ ጋር ታገናኘዋለች። የውጭዎቹ በስልሳ ዶላር የሚሸጡትን እኔ በአስራ አራት አወጣዋለሁ፣ ብቻ ዕቃው ከቻይና በብዛት ይታዘዝልኝ አለ። ኦመር ቦርዷ የቤታቸውን ሙቶር ስታስነሣ ባየ ጊዜ እንቅልፍ አጣ። ዘዴውን ያመጣው እሱ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የመዋጮ ገጽ ይከፈታል፣ የወደደው ሰው ካለበት አገር ሆኖ ለቦርዷ ቀድሞ ይከፍላል፣ በሠላሳ ቀን ዘጠኝ ሺህ ዶላር ከሞላ ገንዘቡ ለሠሪዎቹ ይሰጣል፣ ካልሞላ አንድ ሳንቲም ሳይነካ ለየባለቤቱ ይመለሳል። የሱዳንን ስም ሲያይ የማይደነግጥ ባንክ ስለሌለ ገጹ የተከፈተው ለንደን በሚኖር የኦመር የአጎት ልጅ ስም ነው።

ሀጀራ ደግሞ የእቁብ ዳኛ ናት። ሱዳኖቹ ሰንዱቅ የሚሉትን እነሱ እቁብ ብለው፣ ሃያ ሴቶች፣ አብዛኞቹ የወሎ ልጆች፣ ሁሉም የሰው ቤት ሠራተኞች፣ በወር አንድ ጁምዓ ጀሪፍ ሰፈር ተሰብስበው ሦስት ሦስት ሺህ ጂኔ ይጥላሉ። በስድስት ዓመት አንድም ወር ጎድሎ አያውቅም። ሰው ሲታመም፣ ፖሊስ አፈሳ ወጥቶ መንገድ ላይ ሴቶቹን ሲለቅም፣ አምና በአድማው ጊዜ ደሞዝ ሲቀር፣ የጎደለውን የምትሞላው ዳኛዋ ናት፤ ሁለቱ የወርቅ ጉትቻዎቿ የሄዱት በዚያ ነው። የሀጀራ እቁብ አይጎድልም ይባልላታል፤ ይሄን ስትሰማ ደረቷ ነፋ እንደሚል ምን ይደበቃል። ታዲያ ያለፈው ወር የእቁብ ጁምዓ፣ ገጹ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት፣ አብዱልወሃብ ደወለላትና አምስት መቶ ሰማንያ ዶላር ጎደለ፣ ይቅር በቃ፣ ለሰዎቹ ይመለስላቸው አላት። ሀጀራ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ጎደለ» የሚለውን ብቻ ነው። ጎድሎ ይቅር? በዓለም ሕዝብ ፊት? በዚያው ሰዓት እጣው የወጣላት ጦይባ ስልሳ ሺህ ጂኔዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ በጥቁር ገበያ ሲመነዘር ልክ አምስት መቶ ሰማንያ ዶላር። እንዲህ ያለ ልክ ነገር ሲገጥም ሰው ከአላህ ነው ይላል፣ ሀጀራም እንደዚያው አለች። ጦይባን ጥግ ወስዳ ለመነቻት። አንድ ወር ብቻ፣ የገጹ ገንዘብ ሲለቀቅ፣ በሚቀጥለው የእቁብ ጁምዓ እጅሽ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ተያዡ እኔ ነኝ። ያ ጁምዓ ደግሞ ዛሬ ነው።

የጦይባ ብር ደግሞ የትርፍ ብር አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ሳታሳድስ ስለተቀመጠች ቅጣቱን ሳትከፍል ከአገር አትወጣም። ባቲ የተወቻት ልጇ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ አሁን ከረመዳን በፊት ልትዳር ነው፤ እናቷ ለሠርጓ ቀን ካልደረሰች ምን እናት ነኝ ትላለች? እጣው ለቅጣቱና ለመሳፈሪያው ነበር። ቢሆንም ብዙ አልተከራከረችም። «ሀጁ፣ አንቺ ካልሽ» ብላ፣ እንደ ወትሮው በቁልምጫ ጠርታት፣ ብሩን ሰጠቻት። ኦመር ተቀብሎ በለንደኑ ልጅ በኩል አስገባው፣ ገጹም ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሞላ። አብዱልወሃብ በስልክ አለቀሰ። ሀጀራ የዚያን ቀን የተሰማትን ደስታ ልጅ ሆና እንኳ አታስታውሰውም።

አሁን ኦመር ዳቦውን እየቆረሰ የቀረውን ነገራት። ገንዘቡ የለንደኑ ልጅ ሂሳብ ገብቷል። ባንኩ ይህ ሁሉ ብር የምንድን ነው ብሎ ጠየቀው፤ ልጁ እውነተኛ ሰው ነውና ኻርቱም ያሉ ሰዎች የሚሠሩት ዕቃ ነው አለ። ባንኩ ሂሳቡን ቆለፈው። ገጹን የሚያስተዳድሩት ሰዎች እኛ ከፍለን ጨርሰናል ብለዋል፣ ቀድመው የከፈሉት ሰዎች ቦርዳችን የት አለ እያሉ ይጽፋሉ፣ ቦርዱን ለመሥራት ደግሞ የተቆለፈው ብር ያስፈልጋል። መቼ ይፈታል? ኢንሻላህ አለ ኦመር። ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ላይሆንም ይችላል። «ወንድምሽ ያውቃል እኮ፣ አስራ ሦስት ቀኑ ነው። እኔ እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር» አለ። ይሄኔ ግቢው ውስጥ ሙቶሩ በራሱ ጊዜ ተነሣ። ሳይጠበቅ በቀን ውሃ መጥቶ ቦርዷ አውቃዋለች። ሦስቱም ሰሙት፤ ሀጃ ሱዓድ ማሻአላህ አለችና ሻይ ጠየቀች።

ሀጀራ ሻዩን አፍልታ፣ ዕቃውን አጥባ፣ ግቢውን ጠርጋ ነው የወጣችው፤ ጁምዓም ቢሆን ሥራው ሳያልቅ መውጣት የለም። የከተማውን አውቶቡስ፣ ሀፍላ፣ ለመያዝ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ቆመች። ማደያዎቹ ጋ ያለው የነዳጅ ሰልፍ መንገዱን ዞሮ መስጊዱ ድረስ ደርሷል፣ ሾፌሮች መኪናቸው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፈው ተኝተዋል። የመጣችው ሀፍላ ከዋጋው እጥፍ ጠየቀች፤ ሰው ተነጫነጨ፣ ከፈለ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ አጠገቧ የተቀመጠች ሱዳናዊት ከውጭ ስለገባ በሽታ አወራቻት፣ ድንበርም አውሮፕላን ማረፊያም ሊዘጉ ነው ይባላል አለች። ሀጀራ እሺ እሺ አለቻት እንጂ አልሰማቻትም። ለጦይባ የምትለውን በልቧ እያዘጋጀች፣ ያዘጋጀችውን መልሳ እያፈረሰች ነበር። ወንድሟ ጋ አንድ ነገር አይጠፋም። ግማሹ እንኳ ቢገኝ፣ ቅጣቱን ይሸፍን ይሆናል፣ መሳፈሪያውን ሴቶቹ ያዋጣሉ። እንዲህ እያለች ኦምዱርማን ደረሰች።

አብዱልወሃብ የሚሠራባትም የሚያድርባትም አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ናት። የገበያው ሱቅ ሁሉ ተቆልፏል፣ የሱ በር ገርበብ ብሏል። ሀጀራ ጎንበስ ብላ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ወንድሟን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነው። ባዶ ነበር። የመበየጃ ካውያው የለም፣ የሙቅ አየር ማሽኑ የለም፣ በዱቤ የገዛው መብራት እንኳ የለም፤ የየዕቃው ቦታ አቧራ ሳይነካው ብቻ ቀርቷል። አልጋው እግር ሥር ዚፑ የተዘጋ የጀርባ ቦርሳ ተቀምጧል። ተቀመጪ አላትና ወንበር ፈለገ፣ ወንበሩንም ሸጦት ኖሯል፣ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውሃ በኩባያ ሰጣት፣ ጠጣች። ስለ ሙቀቱ አነሣ፣ ስለ ሀፍላው ዋጋ አነሣ፣ ሀጃ ደህና ናት ወይ አለ። ደህና ናት አለችው። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አስራ ሦስት ቀን» አለችው በመጨረሻ።

«ነግሬሽስ? ምን ታደርጊ ነበር?»

ዕቃውን ስንት እንደሸጠው ጠየቀችው። ሃያ ሁለት ሺህ አለ። ስጠኝ፣ ዛሬውኑ ለጦይባ ላድርስላት አለችው። አብዱልወሃብ እግሩን አየ። ብሩ ደላላው እጅ ገብቷል፤ እሁድ ከበላይነህ ጋር ይወጣል፤ በላይነህ የጎንደር ልጅ ነው፣ ከጎኑ ቀን ሥራ የሚሠራ። ወዴት እንደሚወጡ ሀጀራ አልጠየቀችም። ኻርቱም ውስጥ ቀድሞ ለደላላ የሚከፈልበት መንገድ ወደ ሊቢያ የሚወስደው ነው፣ በረሃው ያስቀረባቸውን የወንድ ልጆች ስም ከእቁቡ ሴቶች አፍ ስንቴ ሰምታለች። አትሂድ ልትለው አሰበችና ቁጭ ብሎ ምን እንዲያደርግ እንደምትነግረው አጣች፤ በባዶ ጠረጴዛ? አልጋው ሥር ካርቶን ውስጥ አስራ አንድ አረንጓዴ ቦርዶች አሉ፣ ለናሙና የተሠሩ። እነዚህንስ አለችው። ተያቸው አላት።

«ጎድሎ ይቅር ብዬሽ ነበር እኮ፣ እታለም» አለ ቆይቶ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

«ብለኸኝ ነበር» አለች። ቦርሳዋን ከፍታ አምስት መቶ ጂኔ አወጣችለት፣ ተቀበላት። የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ተበጥሶ እንዳየች መንገድ ላይ ትዝ አላት፣ ልትሰፋለት ይገባ ነበር፤ ግን ሀፍላዋ ተንቀሳቅሳለች።

ጀሪፍ ስትደርስ አሱር ተሰግዷል። ከሦስት ሴቶች ጋር አራት ሆነው ለዕረፍት ቀን የሚከራዩአት የጭቃ ክፍል በር ላይ ጫማ ሞልቷል። ውስጥ ሴቶቹ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ለግማት የሚባለውን የተጠበሰ ጣፋጭ እየበሉ፣ ከርከዴ እየጠጡ ነው፤ ቬንቲሌተሩ እየተንገጫገጨ የሞቀ አየር ያዞራል። ገና ስትገባ ጨዋታው ደራ። የገጹ መሙላት ወሬ ካለፈው ወር ጀምሮ ሁሉም ዘንድ ደርሷል፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን የሚያውቅ የለም። በመሀላቸው ብቸኛዋ የጎንደር ልጅ ሰብለ ፈረንጅ ሳይቀር ለሀጀራ እቁብ ጣለ ብላ አሳቀቻቸው። ጦይባ ጥግ ላይ ሻንጣዋን ከፍታ ለሙሽራዋ የገዛችውን ታሳያለች፤ ተጠምጥሞ የሚለበስ ቀይ የሱዳን ቶብ፣ በጠርሙስ ያለ የሙሽራ ሽቶ፣ የሰንደል እንጨት። ማክሰኞ ሥራዋን ለቃለች። በእሷ ቦታ ሌላ ሐበሻ ገብታለች። ሀጀራን ስታይ ተነሥታ አቀፈቻትና ሰኞ የኢቃማ ቢሮ ገብታ ቅጣቱን እንደምትከፍል፣ ሐሙስ መኪና እንዳለ ነገረቻት። እጇ ሽቶ ሽቶ ይላል።

ሀጀራ አልተቀመጠችም። ሻሿንም አላወለቀችም። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት፣ የቀራት እውነቱ ብቻ ነበር።

«ገንዘቡ ባንክ ታሰረ» አለች። «መቼ እንደሚፈታ የሚያውቅ የለም። ባይሞላ ኖሮ ለሁሉም ይመለስ ነበር። የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ የተጠየቀችውን መለሰች። ከወንድሟ ምንም እንደማይገኝ ተናገረች፤ ስለ እሁዱ ግን አላነሣችም። ከደሞዟ እቁቡንና የቤት ኪራዩን አንስታ የሚተርፋትን አራት ሺህ በየወሩ ለጦይባ እሰጣለሁ አለች። ሴቶቹ ሁሉ በልባቸው አሰሉት፣ አስራ አምስት ወር። በአስራ አምስት ወር ስልሳ ሺህ ጂኔ ዶሮ ይግዛ ቅቤ ይግዛ አላህ ነው የሚያውቀው። ከንፈር የመጠጠ አልነበረም፣ ያለቀሰም አልነበረም። ጦይባ ተመልሳ ሻንጣዋ ጋ ተንበረከከችና ቶቡን ማጠፍ ጀመረች፤ አጠፈችው፣ አልተስተካከለላትም መሰለኝ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። ያ ሁሉ ሴት የሷን እጅ ሲያይ ቆየ።

የሚጣልበት ጨርቅ መሀል ላይ ተዘርግቷል፣ አንድም ጂኔ አላረፈበትም። ዘርፈሽ፣ ሁለት ዓመት አብራቸው የጣለች፣ እጇ ላይ የነበረውን ብር ቀስ ብላ ወደ ጉያዋ መለሰች። አጠገቧ ያለችውም እንደዚያው። ሰብለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለዚህ ወር ብቻ ቢቀርስ አለች፤ ነገሩ እስኪጣራ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም አለች። ሀጀራ ገባት። በሽታው፣ አፈሳው፣ አድማው ያላቆመው እቁብ እዚህ ቆመ። አልፈረደችባቸውም፤ እሷም በነሱ ቦታ ብትሆን ብሯን ጉያዋ ትከት ነበር። ደብተሩን ልትዘጋ ጎንበስ ስትል ጦይባ ከሻንጣው ተነሥታ መጣች። ከለበሰችው ቶብ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፣ ሦስት ሺህ ጂኔ ቆጥራ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች።

«ጦይባ፣ አንቺ ተዪው» አለቻት ሀጀራ።

«ለምን? እጣዬ ወጥቷል። ወስዳለች ተብሎ ተጽፏል። የወሰደ እስከ መጨረሻው ይጥላል ያልሽን አንቺ ነሽ።» ሀጁ አላለቻትም። ብሩን በመዳፏ ደልደል አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አርካዊት በኩል ሠራተኛ የሚፈልግ ቤት ካለ ጠይቂልኝ፣ ሀጀራ። አዳርም ቢሆን እሠራለሁ» አለቻት።

ከዚህ በኋላ ማን ጉያው ውስጥ ይደብቅ? መጀመሪያ ሰብለ ጣለች። ቀጥሎ ሌሎቹ፣ አንዷ ሌላዋን ሳታይ፣ እየተነሡ እየጣሉ ተመለሱ። ሀጀራም የራሷን አኖረች፤ የመጨረሻዋ ዘርፈሽ ነበረች። ያልወጡት እጣዎች ተጠቅልለው ያሉባት የወተት ጣሳ ሀጀራ እግር ሥር ተቀምጣለች፤ የጦይባ ስም በውስጧ የለም። እንደ ልማዱ ጣሳዋ የምትከፈተው ዳኛዋ ቆጥራ ሞልቷል ስትል ነው። ሀጀራ ቆጠረች። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጣሉባት፤ ጦይባ ብቻ ሻንጣዋን ትዘጋለች። እንደገና ቆጠረች፣ በዚህኛው አንድ ሺህ፣ አንድ መቶ እንኳ ይጎድል እንደሆነ ብላ፣ ብሩን አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ እያዞረች። የጎደለ አልነበረም።

«ሞልቷል» አለች።